በመከራ ጊዜ ተስፋ፦ ሀዋሳ ላይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ቅዳሜ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር ሕሙማን እንጠይቃለን። ለቅሶ ቤትም እንደርሳለን። ስድስት ነን፤ ሁለት ባጃጅ ይበቃናል። ገንዘብ አዋጥተን ብርቱካንና ሙዝ እንገዛለን። የሚጠብቀን ጥያቄ ግን በብርቱካን የሚመለስ አይደለም።

ጥያቄዎቹ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰላሉ። ሞቢል ሰፈር የሰማነውን አቶቴም እንሰማዋለን። ስለዚህ ጻፍኳቸው። እኔ ቄስም ፓስተርም አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ "ጴንጤዋ" የምባል ሰው ነኝ። ከሚጠይቁን መካከል ግን ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ የመካነ ኢየሱሱም፣ የቃለ ሕይወቱም አለ። መልሴ ካልጣማችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም መጋቢያችሁን ጠይቁ። አልቀየምም።

አልቅሼ አልወጣልኝ አለ። እግዚአብሔርንም እየወቀስኩት ነው። እምነቴ አልቆ ይሆን?

አይመስለኝም። እምነቱ ያለቀበት ሰው ከማን ጋር ይጣላል? እየወቀስሽው ከሆነ አሁንም እያናገርሽው ነው።

እስቲ ዳዊትን ክፈቺ። መዝሙር 13 "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰላምታ የለው፣ ምስጋና የለው። ቀጥታ ወቀሳ። መዝሙር 88 ደግሞ ይብሳል። ከላይ እስከ ታች መከራ ይቆጥራል፤ መጨረሻው ላይ እንኳ ብርሃን አይታይም። ሌሎቹ መዝሙራት አልቅሰው አልቅሰው "እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ" ይላሉ። ይህኛው አይልም። ሆኖም ማንም ከመጽሐፉ አላወጣውም። ስንት ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው እንደ ጸሎት ሲደግመው ኖሯል። (የኦርቶዶክስ ዳዊት የያዛችሁ አንድ ቁጥር ቀንሱ፤ 12 እና 87 ላይ ታገኟቸዋላችሁ።)

አንዳንድ ቦታ፣ የእኛም ቤት አለበት፣ "የእምነት ሰው አያለቅስም" ይባላል። ማን እንደጀመረው እንጃ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው "ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ" ብሎ ነው። ጭራሽ እንዳታዝኑ አላለም። እኛ እኮ ድንኳን ጥለን፣ ሰልስት አውጥተን የምናለቅስ ሕዝብ ነን። በዚህ በኩል ከአባቶቻችን የወረስነው ደህና ነገር ነው።

ሰው ሁሉ "ለበጎ ነው" ይለኛል። ልጄን ነው የቀበርኩት። ምኑ ነው በጎ?

እናቴ፣ በጎ አይደለም። እንዲያ ያለዎት ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሚለው ጠፍቶት ነው። "ለበጎ ነው" አፋችን ላይ በጣም ቀሏል። መኪና ሲያመልጠን እንላለን። ብርጭቆ ሲሰበር እንላለን። ያንኑ ቃል አንሥተን ልጇን ላጣች እናት ስንሰጥ ምን እንደሰጠን አናስበውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ሞትን ወዳጅ ብሎ አያውቅም። "የኋለኛው ጠላት" ነው የሚለው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ። ሮሜ 8፥28 "ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን" ይላል፣ እውነት ነው። ከዚያ ጥቂት ቁጥር ከፍ ብሎ ግን ፍጥረት ሁሉ እንደ ወላድ ምጥ ላይ ሆኖ እንደሚቃትት ይናገራል። ያቃተተ ሰው ነው "ለበጎ" ያለው።

ዮሴፍንም ይመልከቱ። ወንድሞቹን "እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው" ያላቸው እሱ ራሱ ነው። መቼ? የተሸጠው በ17 ዓመቱ ነው። ይህን የተናገረው አባቱ ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ነው። ዓመቶቹን ብንደምራቸው ወደ 40 ይጠጋሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ ማንም ጎንበስ ብሎ "ዮሴፍ፣ ለበጎ ነው" አላለውም። ቢለውም የሚሰማ አይመስለኝም። እርስዎም አንድ ቀን ራስዎ ይሉት ይሆናል፤ ላይሉትም ይችላሉ። እኛ ግን ቀድመን አንልብዎትም።

ታዲያ ለቅሶ ቤት ስሄድ ምን ልበል?

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይበቃል። ከዚያ ዝም በል።

የኢዮብ ሦስት ጓደኞች ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ጓደኞች ነበሩ። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ማስረዳት ጀመሩ። "ይህን ያህል መከራ የመጣብህ አንድ ነገር ብታደርግ ነው" አሉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ በሚጮኸው በኢዮብ ላይ አይደለም።

ስለዚህ እጅህን አሠራው። ውሃ ቅዳ። ወንበር አመላልስ። ጓሮ ሄደህ ሰሃን እጠብ፤ ወንድ ነኝ አትበል። የቤቱን ልጆች ትምህርት ቤት አድርስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ተመለስ። እድርተኛው ወንበሩን ጭኖ ሲሄድ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ሲመለስ፣ ቤቱ ጭር ይላል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሄደው በሁለተኛው ወር ነው። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ የምናየው ነገር አለ፤ የረሳቸው ሰው ሁሉ ተሰልፎ የመጣላቸው ነው የሚመስላቸው።

ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ተሳልኩ። ምንም የለም። ምን አጉድዬ ነው?

ይህን በብዛት የምንሰማው ከታኅሣሥ 19 በኋላ ነው። የገብርኤል ዕለት ሀዋሳ ምን እንደምትመስል ለሀዋሳ ሰው አልነግርም። ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ስለቱ የሰመረለት ጃንጥላውን፣ ጧፉን ይዞ እልል ይላል። አጠገቡ ደግሞ ያንኑ ልመና ይዛ ለሦስተኛ ዓመት የመጣች ሴት ቆማለች። ስለ እሷ በማይክሮፎን አይወራም። እኛም ቤት ያው ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰክረው ቪዛው የመጣለት ነው። ያልመጣለት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል።

ጳውሎስ ሥጋውን ስለሚወጋው ነገር ሦስት ጊዜ ለመነ። የመጣለት መልስ "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነው፤ እሾሁ አልተነቀለለትም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ። አላለፈም። እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት የተሻለ ማን ይጸልያል? "እምነትህ ቢሞላ ኖሮ" የሚልህ ሰው ከመጣ እነሱን ጥራለት።

ለምን አንዱ ይሰጠዋል፣ ሌላው ይከለከላል? ኢዮብ ይህንኑ ጠየቀ። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው፤ "ለምን" ለሚለው መልስ ሳይሰጠው አለቀ። እግዚአብሔር ግን መጥቶ አናገረው። ኢዮብ ከዚያ በኋላ መልሱን አልጠየቀም።

መጸለይ አቅቶኛል። ተንበርክኬ ባዶ ነኝ።

አጭር ጸሎት ይዘሽ ቆዪ። "ማረኝ" ጸሎት ነው። አንድ አባት ልጁ ታሞበት ጌታን "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለው። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ጸሎት አላውቅም፤ ልጁም ተፈወሰለት።

እሱም ካቃተሽ ለሌላ ሰው ስጪው። በማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። ሕዝቡ በሩን ዘግቶታል። ጣራ አፍርሰው አወረዱት። ጌታ ሽባውን የፈወሰው ምን አይቶ ነው? "እምነታቸውንም አይቶ" ይላል። የተሸካሚዎቹን ማለት ነው። አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ያምን እንደነበር እንኳ አልተጻፈም። ተስፋ የራስሽ ካልሆነ አይቆጠርም ያለሽ ማነው? አንዳንድ ወር ሰው ይዞልሽ ይቆያል። ስለዚህ አራት ሰው ፈልጊ። ሁለትም ይሆናል።

ጸበል ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱን ላቁመው?

አታቁም። "ተጸልዮልኛል፤ ላቁመው?" ለሚለውም መልሱ ያው ነው።

እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ ቀብር ደርሼበታለሁ። የቲቢ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ሳሉ ሲተወው "ድኛለሁ" ብሎ በሁለተኛው ወር ያቆመ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል። የኤችአይቪው የዕድሜ ልክ ነው። የስኳርና የደም ግፊቱንም ያለ ሐኪም ቃል አትንካው።

ሕዝቅያስ ሲታመም እግዚአብሔር "15 ዓመት ጨምሬልሃለሁ" አለው። ተስፋው ከተሰጠ በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ ብሎ አዘዘ። ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው ይናገራል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጸበሉና የኤችአይቪ መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበልህን ጠጣ፣ ክኒንህንም ዋጥ። ጾም ላይ ከሆንክ ሰዓቱን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከወጣሁ ሥራ የለኝም። "ለነገ አትጨነቁ" የሚለው ጥቅስ ያናድደኛል።

ያናድዳል፤ በተለይ ኪራይ ሊከፈል ሦስት ቀን ሲቀረው። እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላንሣልሽ። አንቺ ከሥራ የወጣሽው በድለሽ አይደለም። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ከሲዳማም ከወላይታም ስንት ወጣት ሴት መጣ። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይታችሁ፣ ምጣድ ተጋርታችሁ ኖራችሁ። በ2014 ታኅሣሥ አሜሪካ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ ወደ እሷ ገበያ የመላኩን ዕድል፣ ስታነሣ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ ጥለው የወጡም ኩባንያዎች አሉ። ውሳኔው የተወሰነው ባሕር ማዶ ነው። "ምን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን" እያልሽ ሌሊቱን አትቁጠሪ።

ጥቅሱ ደግሞ እንዲህ ነው የሚያልቀው፦ "ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል።" ጌታ ቀኑ ክፉ እንደሆነ ያውቃል። የዛሬው ይበቃሻል፣ የነገን አትደርቢበት ነው ያለሽ።

ሌላም ጥቅስ አለ። በየባጃጁ መስታወት የተለጠፈው፣ ኤርምያስ 29፥11። "ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ" የሚለው። የምወደው ጥቅስ ነው፤ ግን ከላይ ያለውን አንብቢ። ደብዳቤው የተጻፈው ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። 70 ዓመት ትቆያላችሁ ይላቸዋል። ሐሰተኞቹ ነቢያት በቅርቡ ትመለሳላችሁ ይሏቸው ነበር። ኤርምያስ ደግሞ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ አላቸው። ያኔ የተሰጣቸው ተስፋ ጎመን መትከልም ነበረበት። ሻንጣ ሸክፎ መጠበቅ ብቻ አልነበረም።

እና አንድ ምክር። "ጸልዩልኝ" ብቻ አትበይ። ኅብረታችን ውስጥ አንዲት ልጅ አራት ወር ሙሉ "ጸልዩልኝ" አለችን፤ እኛም አራት ወር ሙሉ ጸለይን። አንድ ቀን ተናዳ "1,500 ብር ጎድሎኛል፤ ሰኞ ከቤት ልወጣ ነው" አለች። እዚያው ተዋጣ። አፍረን አንገታችንን ደፋን። ቁጥሩን ተናገሪ።

አንድ ነቢይ "ዘር ዝሪ፣ መከራሽ ያበቃል" አለኝ። ገንዘብ ልላክለት?

አትላኪ። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ "ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ" ብሎ ነው የመለሰው። ብሩን ተቀብሎ ሂሳብ ቁጥር አልሰጠም።

"ምነው በሞትኩ" እላለሁ። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰው መናገር አፍራለሁ።

ወንድሜ፣ እንኳን ነገርከን። ኤልያስም ብሎታል። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" አለ። አልተገሠጸም። "አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት" አልተባለም። ተኛ። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላና እንደገና ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር። አንድ ሰው ጥራና ይህንኑ ቃል ሳትቀንስ ንገረው። ራስህን የምትጎዳበት ነገር ቤት ውስጥ ካለ ለሱ አስረክበው። ሐሳቡ ከበረታ፣ እንዴት እንደምታደርገው ማሰብ ከጀመርክ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የአእምሮ ሐኪም ማየት እምነትን መካድ አይደለም። የልብ ሐኪም እንደማየት ነው።

ይህን የነገረህ ጓደኛህ ከሆነ ደግሞ ጥቅስ አትላክለት። ብርድ ልብስህን ይዘህ ሂድና አብረኸው እደር።

የትኛውን ክፍል ላንብብ? ብዙ ማንበብ አልችልም።

አትችልም፤ ልክ ነህ። የተጨነቀ አእምሮ ምዕራፍ አይዝም። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3ን ከቁጥር 19 እስከ 26 አንብብ። "ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው... ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው" የሚለው እዚያ ነው። ሰውዬው ይህን ያለው ሰርግ ላይ አይደለም፤ ከተማው ተቃጥሎ፣ ሰዉ በረሃብ አልቆ ነው። ማንበብ ካቃተህ በስልክህ አጫውተህ ስማው። እኔ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ እየሄድኩ እሰማዋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ፣ አባ ኮዳዎቹ እግር በእግር እየተከተሏቸው። የአንዳንዱ መረብ ባዶ ነው። ነገም ይወጣል።

እናንተስ ተስፋ ቆርጣችሁ አታውቁም?

እኔ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜን ሆስፒታል ሦስት ሳምንት አስታምሜዋለሁ። ቀን ቀን ከፋርማሲ ላቦራቶሪ መሮጥ ነው። ማታ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ እጋደማለሁ። በ11ኛው ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ሲያናግረኝ ሁሉም ገባኝ። ያን ሌሊት ተንበረከክሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ለሌላ ሰው የምናገረው ጥቅስ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ከጎናችን ባለው አልጋ ባላቸውን የሚያስታምሙ አንድ እናት ነበሩ። ከወንዶ ገነት ነው የመጡት። ነጠላቸውን ተከናንበው በስልክ መብራት ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። በደህናው ቀን ብንገናኝ ተከራክረን ተኮራርፈን እንለያይ ነበር። አዩኝ። ከፔርሙዛቸው አጥሚት ቀዱልኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን ጠጪና ጋደም በይ። ዛሬ ለወንድምሽም እኔ እለምናለሁ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የክርስትና ስም የለውም። የቤት ስሙን ነገርኳቸው።

ሌሊት ስነቃ ሁለት ስም ሲጠሩ ሰማሁ። የባላቸውንና የወንድሜን፣ በዚያች በቤት ስሙ።

ወንድሜ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ወጣ። የእሳቸው ባለቤት አልወጡም። ለቅሶው ወንዶ ገነት ነበር። ምን እንዳልኳቸው ትዝ አይለኝም። ጓሮ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን ሳጥብ ዋልኩ።